ከዋጋው በፊት የሚነሣው ጥያቄ
(በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በተካሄደ የውይይት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ ከሐረርና ከአካባቢው ወረዳዎች በዚህ ሙቀት ተጉዛችሁ የመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የኦሮሞ አባ ገዳዎችና የሶማሌ ኡጋዞች፣ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ? ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። አሰላሙ ዐለይኩም።

ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት መንግሥት በፖሊስ አማካይነት ከሕዝብ እጅ የጦር መሣሪያ በገንዘብ እየገዛ ስለሚሰበስብበት አሠራር ነው። ጉዳዩን ከብዙ ወገን ማየት ይቻላል። እኔ ግን ከአንድ ወገን ብቻ አየዋለሁ፤ ከባለ መሣሪያው ወገን። ለምን? ባለሥልጣኑ መግለጫ ይሰጣል፣ ተመራማሪው ይጽፋል፣ የሃይማኖት አባት ይመክራል፣ ጋዜጠኛው ቁጥሩን ያነብባል፤ ጠመንጃውን እንዲያስረክብ የሚጠበቀው ሰው ግን መድረኩ ላይ የለም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ በቤቱ መሣሪያ ያለው ሰው እጁን ያውጣ ብል ማን ያወጣል? ማንም አያወጣም፤ እኔም አልጠይቅም። ነገር ግን እጅ የማይወጣበትን ምክንያት ሳናውቅ ዋጋ ብንተምን፣ ድንኳን ብንተክል፣ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለን በየሰፈሩ ብንዞር ምን እናገኛለን?

ንግግሬ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያ ገንዘብ ከፍለው መሣሪያ በሰበሰቡ አገሮች የነበሩ ባለ መሣሪያዎች ምን እንዳሉ እነግራችኋለሁ። ቀጥሎ በጥብቅና ሥራዬና በቤተሰቤ ውስጥ፣ በዚህ በእኛ ምድር የሰማሁትን አቀርባለሁ። በመጨረሻም እንዲህ ያለ ዕቅድ አንድ ቀን በእኛ አካባቢ ቢነሣ ሊሟላ ይገባዋል የምለውን እናገራለሁ።

ከአውስትራሊያ ልጀምር። እ.ኤ.አ. አፕሪል 28 ቀን 1996 በታዝማንያ ደሴት፣ ፖርት አርተር በተባለ ሥፍራ አንድ ሰው 35 ሰዎችን በጥይት ገደለ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የማዕከላዊው መንግሥትና የክፍለ ግዛቶቹ መንግሥታት በአንድ ስምምነት ላይ ደረሱ፤ ጥይት በራሳቸው እየጎረሱ በተከታታይ የሚተኩሱ ጠመንጃዎች ከሕዝብ እጅ እንዲወጡ፣ ለባለቤቶቹም ካሣ እንዲከፈል ወሰኑ። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት የሰው ንብረት ፍትሐዊ ካሣ ካልተከፈለበት በስተቀር አይወሰድም ስለሚል፣ ገንዘቡን ለማግኘት ሕዝቡ የሚከፍለው የጤና መዋጮ ለአንድ ዓመት ብቻ ከ1.5 በመቶ ወደ 1.7 በመቶ ከፍ እንዲል ተደረገ። በዚህ መንገድ ወደ 650 ሺህ የሚጠጋ መሣሪያ ተገዝቶ ተደመሰሰ።

ይህ የመንግሥት ቁጥር ነው። ባለ መሣሪያዎቹስ ምን አሉ? ብዙዎቹ ተቆጥተው ነበር። በሜልበርን ከተማ ብዙ ሺህ ሰዎች ሰልፍ ወጡ። «እኔ ማንንም አልገደልሁም፤ አንድ ነፍሰ ገዳይ ባደረገው እኔ ለምን እቀጣለሁ?» የሚለው የገበሬውና የአዳኙ ጥያቄ በየስብሰባው ተሰማ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጆን ሃዋርድ በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት፣ ሴል በምትባል ከተማ ለተሰበሰቡ ባለ መሣሪያዎች ሲናገሩ ከኮታቸው ሥር የጥይት መከላከያ ለብሰው ነበር። መከላከያው ከኮቱ ሥር ጎልቶ ይታይ ስለነበር ብዙ ሰው አስተዋለው። ወገኖቼ፣ እስቲ ራሳችሁን በዚያ ገበሬ ቦታ አስቀምጡ። መሪህ ሊያግባባህ መጥቶ፣ ነገር ግን ይገድለኛል ብሎ ፈርቶህ ቢቆም ምን ይሰማሃል? «ከእኔ ጋር የሚነጋገረው እንደ ዜጋ ነው ወይስ እንደ ወንጀለኛ?» አትልም? ይህን ታሪክ የማነሣው ሃዋርድን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርምጃቸው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የማነሣው መሣሪያ የማስረከብ ነገር ከገንዘብ አስቀድሞ የክብር ጉዳይ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው።

ያ የተቆጣ ገበሬ ታዲያ በመጨረሻ ለምን አስረከበ? እኔ እንደምረዳው በሦስት ነገር ነው። የየመሣሪያው ዓይነት ዋጋ አስቀድሞ በዝርዝር ታትሞ ወጣ፤ ስለዚህ መኮንኑ የሰውን ፊት አይቶ አይተምንለትም። ሕጉ በጎረቤቱም፣ በባለ ሀብቱም፣ በከተሜውም ላይ እኩል ወደቀ። መሣሪያውም እፊቱ ተቆራርጦ ከጥቅም ውጭ ሲሆን አየ፤ በጓሮ ተመልሶ እንደማይሸጥ አወቀ።

ኒው ዚላንድም ከአውስትራሊያ ተምራለች። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 2019 በክራይስትቸርች ከተማ፣ በሁለት መስጊዶች ለጁምዓ ሰላት የተሰበሰቡ 51 ሰዎች በአንድ ነፍሰ ገዳይ እጅ አለቁ። አላህ ይዘንላቸው። መንግሥቱ ሕጉን በፍጥነት አውጥቶ እስከ ዲሴምበር 20 ድረስ መሣሪያ ገዛ፤ ወደ 56 ሺህ ገደማም ሰበሰበ። ዋጋው በመሣሪያው ይዞታ ተለይቶ ነበር፤ አዲስ ወይም እንደ አዲስ ለሆነው የመነሻ ዋጋው 95 በመቶ፣ ለተለመደ አገልግሎት 70 በመቶ፣ ለተጎዳ 25 በመቶ። ባለ መሣሪያዎቹ ግን «ይህ ያነሰ ነው፤ ለጨመርንበት የማነጣጠሪያ መነጽርና ለሌላው ዕቃ የተሰጠው ግምት አይመጥንም» እያሉ ተሟገቱ። ከዋጋው ይልቅ ክፉኛ ያስደነገጣቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ዘመቻው ሊያበቃ ሲቃረብ፣ የተመዘገቡበት የኮምፒውተር ሥርዓት ተከፍቶ የሰዎቹ ዝርዝር ማየት የማይገባው ሰው እጅ ገባ። ስም፣ አድራሻ፣ የመሣሪያ ዓይነት። ያ ዝርዝር ሌባ እጅ ቢደርስ ምን እንደሚያደርግበት አስቡት። «ተመዝገብ» ስንለው የእኛም ሰው የሚፈራው ይህንኑ አይደለም?

አሜሪካ የተለየች ናት። እዚያ ግዢው በፈቃደኝነት ነው፤ ከተማው ወይም የፖሊስ መምሪያው ቀን ቆርጦ፣ ገንዘብ ወይም ዕቃ የሚገዛበት የገበያ ካርድ ይዞ፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ወይም በመኪና ማቆሚያ ቦታ ይጠብቃል። ባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአንድ መሣሪያ 50 ዶላር ከፍላ ወደ 13 ሺህ 500 የሚደርስ መሣሪያ ሰበሰበች። ሆኖም በዚያው ጊዜ በከተማዋ በመሣሪያ የሚፈጸም ግድያ አልቀነሰም፤ ይልቁንም ጨመረ። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞች የተደረጉትን ዘመቻዎች አጠቃልሎ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናትም የመሣሪያ ወንጀል በእነዚህ ዘመቻዎች ምክንያት ቀነሰ ለማለት የሚያስችል ማስረጃ አላገኘም።

የአሜሪካ ባለ መሣሪያ ምን ይላል? «ወንጀለኛው አይሰለፍም» ይላል። «የማይሠራውን አሮጌ ሰጥቼ በካርዱ አዲስ እገዛለሁ» የሚልም አለ። በሲያትል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ሰዎች መሣሪያቸውን ይዘው ፖሊስ ዘንድ ሲሰለፉ፣ የግል ገዢዎች ከሰልፉ ዳር ጥሬ ገንዘብ ይዘው «እኛ የበለጠ እንከፍላለን» እያሉ ገበያ አቆሙ። በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ዩቲካ ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ዕቃ በሚያትም ማሽን (በ3D ማተሚያ) ያመረታቸውን የመሣሪያ ክፍሎች አምጥቶ 21 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ካርድ ተቀብሎ ሄደ። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። ገንዘብ ይዘህ መንገድ ዳር ከተቀመጥህ ገበያ ከፍተሃል ማለት ነው፤ ገበያ ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። እኛ የምንኖረው በጅቡቲና በሶማሊያ ድንበር መካከል፣ ኮንትሮባንድ ምን እንደሆነ ሕፃኑ ሳይቀር በሚያውቅበት ከተማ ነው። መንግሥት ከገበያው ዋጋ በላይ ቢከፍል፣ በማግስቱ ከድንበር ማዶ መሣሪያ ተጭኖ ሊሸጥለት ይመጣል። ከገበያው በታች ቢከፍል የሚመጣለት የዛገው ብቻ ነው። በዋጋ ብቻ ይህን ጉዳይ እፈታለሁ የሚል ሰው እስቲ በየትኛው ዋጋ እንደሆነ ይንገረኝ።

አሁን ወደ እኛው ልመለስ።

ይህ ምድር የጠመንጃ መንገድ ሆኖ የኖረ ነው። ከባሕሩ ዳር የተነሡ የጠመንጃ ነጋዴዎች ቅፍለት እየመሩ ወደ ሸዋ ወጥተዋል፤ ፈረንሳዊው አርተር ራምቦም ሐረር ከተማ የኖረ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ ይዞ የወጣ ነጋዴ ነበር። ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ማብቂያ እዚህ ከደረሰ በኋላም ከጅቡቲ ወደብ ስንቱ ወጨፎ፣ ስንቱ ምንሽር፣ ስንቱ ቤልጅግ በዚህ አለፈ? በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር በዚህች ከተማ ደጃፍ ሲደርስ ሕዝቡ ለመከላከል ታጠቀ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ፣ የተበተነው ወታደር ለመሳፈሪያና ለዳቦ ሲል ክላሹን በየመንገዱ ሸጠ። ስለዚህ በየቤቱ ያለው መሣሪያ የአንድ ዘመን ወይም የአንድ ወገን አይደለም፤ እየተደራረበ የመጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ ያለ ፈቃድ እንዳይያዝ ደነገገ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች በእጃቸው ያለውን በሁለት ቀን ውስጥ እንዲያስመዘግቡ ሲታዘዙ ሁላችንም ሰምተናል። በአንድ በኩል ረጅም ታሪክ፣ በሌላ በኩል የሁለት ቀን ቀጠሮ። ባለ መሣሪያው የሚኖረው በእነዚህ መካከል ነው።

ከደንበኞቼ መካከል አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር አልናገርም። ባለቤታቸው ሞተው በሳጥን ውስጥ አንድ ሽጉጥ ትተው ነበር። ቢሮዬ የመጡት ስለ ውርስ ጉዳይ ነው፤ ነገሩ ካለቀ በኋላ ግን በሩን ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ ይህን ነገር ምን ላድርገው?» አሉኝ። የልጅ ልጆች አሏቸው፤ አንዱ ያገኘው ይሆናል ብለው ሌሊት አይተኙም። ገንዘብ አልፈለጉም። ዋጋ አልጠየቁም። የፈሩት «ከየት አመጣሽው?» የሚለውን ጥያቄ ብቻ ነው። ጣቢያ ሄደው ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጡ፣ እሳቸው ራሳቸው ተጠርጣሪ ሆነው እንደሚቀሩ አምነው ነበር፤ እኔም እንደ ሕግ ባለሙያ ይህ አይደርስብዎትም ብዬ በሙሉ አፌ ልመሰክርላቸው የምችልበት የተጻፈ ዋስትና በእጄ አልነበረም።

እንዲህ ያሉ እናቶች በዚህች ከተማ ስንት ይሆናሉ? በሳቢያን፣ በመጋላ፣ በገንደ ቆሬ፣ በየቤቱ? በሌሎች አገሮችም ፈጥነው የሚያስረክቡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ሽማግሌዎች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ መሣሪያ የወረሱና የማይፈልጉት። ተቺዎች «እነዚህማ ወንጀል አይሠሩም፣ ምን ይጠቅማል?» ይላሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ሽጉጥ ከሳጥኑ ወጥቶ ሕፃን ልጅ እጅ ላይ ቢገኝ፣ ወይም ተሰርቆ ቢሸጥ፣ የእናቲቱ ንጹሕነት ማንን ያድናል? እነዚህን ሰዎች ለማግኘት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥያቄ የማይጠየቅበት በር ነው።

ሁለተኛው ሰው ከሐረማያ ወዲህ የሚኖር የጫት ገበሬ ነው። ጫት እንዴት እንደሚሰረቅ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም፤ በአንድ ሌሊት የዓመት ልፋት ተቆርጦ ይሄዳል። ይህ ሰው ክላሽ አለው፤ ሌሊት ሌሊት ማሳው ዳር ያድራል። «መንግሥት ጥሩ ዋጋ ቢከፍልህ ትሸጠዋለህ?» አልሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አሰበና «ፖሊስ እኔ ጋ ከሚደርስ የተሰረቀው ጫት አወዳይ ደርሶ ይሸጣል» አለኝ። ከዚያም አስከትሎ «ገንዘቡን ባገኝ በልቼው አድራለሁ፤ በማግስቱ ሌሊት ግን ማሳው ላይ ማን ያድራል?» ሲል ጠየቀኝ።

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ ደግሜ ላንሣው። በማግስቱ ሌሊት ማን ያድራል? ይህ ሰው መንግሥትን አይጠላም፤ ጠብም አይፈልግም። መሣሪያውን የያዘው አንድ ሥራ ስለሚሠራለት ነው፤ ያንን ሥራ ሌላ አካል ሳይረከብ መሣሪያውን ብቻ መረከብ አይቻልም። የአውስትራሊያው ገበሬ ጠመንጃውን ሲያስረክብ ስልክ ቢደውል ፖሊስ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። የእኛ ገበሬ ይህን ያውቃል?

ሦስተኛው ታሪክ የአባቴ ነው። አባቴ በጨርጨር ደጋ፣ በሂርና አካባቢ ገበሬ ነበር። ከአያቴ የወረሰው ቤልጅግ ነበረው። ሠርግ ላይ ይተኮስበታል፣ ለቅሶ ላይ ይያዛል፣ ጅብ ከበረት ይመለስበታል። ልጅ ሳለሁ፣ በአካባቢው መሣሪያ ተሰብስቦ ነበር፤ ላስረከበ ካሣ ይከፈለዋል ተባለ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ አዛውንት ፊት ቀድመው አስረከቡና ማኅተም የተመታበት ወረቀት ተቀበሉ። ያችን ወረቀት በጨርቅ ጠቅልለው ስንት ጊዜ ወደ ወረዳው እንደተመላለሱ አስታውሳለሁ። ገንዘቡ አልመጣም። ከሸለቆው ማዶ ያለው መንደር ደግሞ አላስረከበም ነበር፤ በሚቀጥለው በጋ የአዛውንቱ ከብቶች በሌሊት ተነዱ። ጠባቂዎች የደረሱት በሦስተኛው ቀን ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። አባቴ ይህን ካየ በኋላ ቤልጅጉን ዘይት በነከረ ጨርቅ ጠቅልሎ ከዓይን አራቀው፤ እስኪሞት ድረስም ስለ ካሣ የሚያወራ ሰው ቤታችን ሲመጣ ቡና አስቀርቦ ያስተናግደዋል እንጂ አንድ ቃል አይመልስለትም ነበር።

እዚያ መንደር የጠፋው ያልተከፈለው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሠላሳ ዓመት የሚነገር ማናቸውም ቃል እምነት አጣ። ዛሬ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ባለ መሣሪያውን «ግንዛቤ የለውም» ይለዋል። ግንዛቤስ አለው፤ የሚያስታውሰው ነገር ስላለው ነው የማያስረክበው።

ገንዘብ ለግለሰብ ከመክፈል የተለየ መንገድ የሞከሩም አሉ። በሞዛምቢክ የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአገሪቱ አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት መሣሪያ ለሚያመጣ ሰው የልብስ ስፌት መኪና፣ ብስክሌት፣ ማረሻ፣ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ይሰጥ ነበር፤ ተቀባዩ ፖሊስ ባለመሆኑ የሚያመጣው ሰው ከመታሰር ስጋት ዐርፎ ይመጣ ነበር። በአልባኒያ ደግሞ በ1997 እ.ኤ.አ. የመንግሥት የመሣሪያ ግምጃ ቤቶች ተዘርፈው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መሣሪያ በሕዝብ እጅ ሲገባ፣ ክላሽንኮቭ የሚያመርት ፋብሪካ በነበረባት በግራምሽ ወረዳ የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ለግለሰብ ምንም ሳይከፍል፣ ማኅበረሰቡ ባስረከበ መጠን መንገድ፣ ስልክ፣ የመንገድ መብራት ሠራ። ወደ 6 ሺህ የሚጠጋ መሣሪያም ተሰበሰበ። ይህ ለእኛ ይስማማል ብዬ አስባለሁ፤ ለአንድ ቀበሌ የጉድጓድ ውኃ ወይም የመስኖ ፓምፕ ከብዙ ሰው ኪስ ከሚገባ ጥሬ ገንዘብ የበለጠ ይቆያል። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል፤ መሣሪያውን የሰጠውም የደበቀውም ከዚያው ቧንቧ ይቀዳል። ስለዚህ የሰጠው ሰው ለብቻው አንዳች ነገር ሊያገኝ ይገባል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። ዕቅዱ የሚመራበት ምሕረት በደብዳቤ ወይም በቃል ተስፋ ሳይሆን በሕግ ተጽፎ ይውጣ፤ ያስረከበ ሰው መሣሪያ ይዞ በመቆየቱ ብቻ እንደማይከሰስ በግልጽ ይነገረው። የሰው ደም የፈሰሰበት መሣሪያ ከዚህ ውጭ ነው፤ ይህም አስቀድሞ ይታወቅ፣ ሰው እንዳይታለል። ክፍያው በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሁን፤ ገንዘቡ በሣጥን ሳይኖር አንድም ጠመንጃ አይቀበሉ። የአስረካቢው ስም የሚያስፈልግ ከሆነ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ይጻፍ።

ስለ ቅርስም ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ አንዲት ሴት ከአባቷ የቀረ አሮጌ መሣሪያ ለግዢው ይዛ ስትመጣ፣ ፖሊሶቹ በዓለም ላይ ብርቅ የሆነ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጠመንጃ መሆኑን ዐውቀው እንዳይደመሰስ አደረጉላት። በእኛም ደጋ ዓድዋን ያየ ውጅግራ፣ ማይጨው የዘመተ ምንሽር በየጣሪያው ሥር አለ። ባለቤቱ ይህን በኪሎ እንደ ብረት እንዲሸጥ ብንጠይቀው ቢቆጣ ተገቢ ነው። አፈሙዙ ተደፍኖ፣ መተኮስ እንዳይችል ተደርጎ ለቤተሰቡ ይመለስለት፤ ወይም ሐረር ባለ ሙዚየም የአያቱ ስም ተጽፎበት ይቀመጥለት። ይህን ብናደርግለት ኖሮ አባቴ ቤልጅጉን በገዛ እጁ ተሸክሞ ያመጣው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያሉ መንደሮች በአንድ ቀን ያስረክቡ። በአንድ ቀን! ኦሮሞው ሰጥቶ ሶማሌው ከቀረ፣ ወይም ሶማሌው ሰጥቶ ኦሮሞው ከቀረ፣ ሰላም አላመጣንም፤ አንዱን ለሌላው አጋለጥን። ለዚህ ደግሞ እዚህ የተቀመጣችሁ አባ ገዳዎችና ኡጋዞች ከፖሊስ አዛዡ የበለጠ ሥልጣን አላችሁ። እናንተ በጋራ ቀን ሳትቆርጡ ማንም ቀን አይቁረጥ። ከዚያ ቀን ማግስት ጀምሮ በየማሳውና በየበረቱ ሌሊት የሚዞረው የጥበቃ ቡድንም ስሙና ስልኩ ታውቆ፣ አስቀድሞ ሥራ ጀምሮ ይገኝ፤ ገበሬው አንድ ሙሉ የጫት ቆረጣ ወቅት ጥበቃውን ካየ በኋላ ብቻ ይጠየቅ።

ስለዚህ የዛሬው ጥያቄዬ ለእናንተ አንድ ነው። የትኛውም ዕቅድ ወረቀት ላይ ከመውረዱ በፊት፣ ስም የማይመዘገብበት፣ ካሜራ የማይገባበት፣ ባለ መሣሪያዎቹ ብቻ የሚናገሩበት ስብሰባ በሦስት ቦታ ይጠራ፤ አንዱ እዚህ በከተማ፣ አንዱ በሐረር፣ አንዱ በገጠሩ። ባለሥልጣናቱ ይገኙ፤ ነገር ግን ይስሙ እንጂ አይናገሩ። ያቺ እናት በዚያ ስብሰባ ላይ መናገር ትፈራ ይሆናል፤ ፈቃዷ ከሆነ እኔ በእሷ ምትክ እቆማለሁ። አሁን ጥያቄያችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ። አመሰግናለሁ።